በሳዲቅ ስንዝር

ሪያድ፣ የካቲት 18 ቀን 2006 ዓ.ም.

ወንድሜ ባንቴ፣

ሰላም ላንተና ለቤትህ ይሁን። ባለቤትህ ውባለም፣ ልጆችህ፣ ጋራዡም እንደምን ከረማችሁ? እኔ ቆሜ እሄዳለሁ። ከዚህ በላይ አትጠይቀኝ።

ከዚህ ወደ አገር የምትገባው ናዲራ የምትሰጥህ ኤንቨሎፕ ውስጥ ሁለት ወረቀት አለ። በሰማያዊ እስክሪብቶ የጻፍኩት ለጀብሪል የሚነበብ ነው። ይኼ በጥቁር የጻፍኩት ግን ላንተ ብቻ ነው። አንብበህ አቃጥለው። ጀብሪል ፊደል እንደማይለይ ታውቃለህ፤ ያንተ ዓይን ነው ዓይኑ። ሁለቱን አታደባልቅብኝ።

ደውላ አትነግረኝም ወይ ብለህ ትቀየመኛለህ። ስደውል ጀብሪል አጠገብህ ነው። ስልኩን ካንተ ተቀብሎ «ሳዲቅስ?» ይለኛል፤ ያን ጊዜ ድምፄ ይከዳኛል። እጄ ግን ቀስ ይላል። አራተኛ ክፍል ድረስ የተማርኩት ለዚህ ኖሯል።

ባንቴ፣ ልጄ የለም። ጥር ሃያ አንድ ቀን ጉበይራ በሚሠራበት ጋራዥ፣ ከተነሳ መኪና ሥር እንደገባ ክሪኩ ተንሸራተተ። በማግስቱ እዚሁ ሪያድ ቀበሩት። ሴት መቃብር አትሄድም ተባልኩ። የት ጋ እንደሆነ አላውቅም፤ ድንጋዩ ስም የለውም ይላሉ።

እንዴት እንደሰማሁ ልንገርህ። በስልክ ነው። ዕቃ እያጠብኩ ነበር። አብሮት የሚሠራው ኢዮሲያስ ደወለና «እናቴ፣ ተቀምጠሻል?» አለኝ። ማን አስቀምጦኝ! አንድ እጄ ሳሙና ውስጥ ነው፤ ከኋላዬ ማዳም ምሳ ትላለች። ነገረኝ። ስልኩን ዘጋሁና የቀረውን ሰሃን አጠብኩ። አስበው እስቲ፣ አጥቤ ጨረስኩ። አንድም ሰው ትከሻዬን አልያዘኝም።

በእኛ ዘንድ መርዶ እንዲህ አይነገርም። ሰው ተሰብስቦ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ግራና ቀኝ ተይዞ ነው። አባቱ ጀብሪል መርዶውን እንደኔ አይሰማም። እኔው መጥቼ፣ ፊቱ ቁጭ ብዬ እነግረዋለሁ። እስከዚያ ከማንም አፍ እንዳይሰማ፣ አደራ። ግራ ጎኑን ከመታው ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ አንተ አጠገቡ ሳትሆን ቢሰማ ምን እንደሚሆን እኔም አንተም እናውቃለን።

መምጫዬን ግን አላውቀውም። የቤቱ ጌታ፣ ባባ የምንለው፣ ከፊሌ ነው፤ ዋሴ ማለት ነው። እሱ ኹሩጅ ካልሰጠኝ፣ የመውጫ ወረቀቱን ማለቴ ነው፣ ከዚህ አገር አልንቀሳቀስም። ስጠይቀው «ከረመዳን በኋላ» ይላል። የትኛው ረመዳን እንደሆነ አይናገርም።

አሁን ወደ መኪናው። ኢዮሲያስ የሳዲቅን ደብተር በበሩ ሥር አቀብሎኝ ሄደ። ስለ አባቱ ኤንትሬ የጭነት መኪና የጻፈው ነው። ከጋቢናው ኋላ ሻንሲውን ቆርጦ በአምስት ስንዝር ማስረዘም፣ ጋቢናውን በዚያው ልክ ወደ ኋላ ማስፋት፣ እዚያ ለኔና ለአባቱ መቀመጫ። ከግራው በር ሥር ለአባቱ ሦስት ደረጃ፣ እያንዳንዱ አንድ ስንዝር ተኩል። ከበሩ በስተኋላ፣ በደህናው በቀኝ እጁ የሚይዘው ብረት። ሁሉንም ሥዕሉን ሳይቀር ገልብጬልሃለሁ። ሥዕሌ ቢያስቅህ አልቀየምም። ለብረቱ እሱ ያጠራቀመው ይበቃል።

ሥራልኝ ባንቴ። ለምን እንደምፈልገው አትጠይቀኝ፤ እኔም አላውቀውም። መቀመጥ አልቻልኩም። ይኼን ስጽፍ እንኳ ሦስት ጊዜ ተነስቼ ጣሪያ ላይ ወጥቼ ወርጃለሁ። የሚሰጣ ልብስ የለም።

ዘይነባ

(በሰማያዊ)

ጀብሪል፣ እግርህ እንዴት ነው? እጅህን በሙቅ ውሃ ማሸት እንዳትተው። ሳዲቅ መኪናህን እንዴት እንደሚያድስ ያሰበውን ልኬልሃለሁ። እዚህ መንፉሐ የሚባለው ሰፈር ያ ሁሉ ግርግር ከሆነ ወዲህ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ወረቀት፣ የሌለው ሰው እንደልቡ አይደዋወልም፤ ስልክ አትጠብቅ። ሥራው በባንቴ እጅ ይሁን። ኢንሻአላህ ስመጣ አብረን እንቀመጥበታለን።

*

ኮምቦልቻ፣ ሚያዝያ 2 ቀን 2006 ዓ.ም.

እትዬ ዘይነባ፣

ለቅሶ መድረስ የሚገባኝ ሰው ስለ ብረት ልጽፍልዎት ነውና ይቅር ይበሉኝ። ጥቁሩን ወረቀት በብየዳው እሳት አቃጠልኩት። ከዚያ ኤንትሬው ሥር ገብቼ በጀርባዬ ተኛሁ። ሠራተኞቹ «ጋሼ ባንቴ፣ ዘይት ይፈሳል እንዴ?» አሉኝ። «ይፈሳል» አልኳቸው። ብዙ ቆየሁ።

ለውባለም አልነገርኳትም። እሷ ከሰማች ፊቷ ይናገራል።

ጋሼ ጀብሪል ሰማያዊውን ሦስት ጊዜ አስነበቡኝ። «አምስት ስንዝር? ጭነቱ የት ሊሄድ ነው? ይኼ ልጅ መኪናዬን አልጋ ሊያደርጋት ነው!» ብለው ሳቁ። ሲስቁ ካየኋቸው ቆይቷል። «ሠላሳ ዓመት የአሰብን በረሃ በገዛ እጄ ነድቼ፣ በመጨረሻ ተሳፋሪ ልሁን?» አሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን በየማለዳው በባጃጅ ይመጡና ጋራዡ በር ላይ ይቀመጣሉ። ኤንትሬዋ እንደሆነች ከቆመች ሰባት ዓመቷ ነው፤ ከሥሯ ያሉት የባሌስትራ ብረቶች ዝገው ተያይዘዋል። ሞተሩን ያስነሳሁ ዕለት ግን ዓይናቸውን ጨፍነው «ሁለተኛው ሲሊንደር ያስነጥሰዋል» አሉኝ። ከፍቼ ባየው እውነታቸውን ነው።

ስለሳቸው ጤና በናዲራ በኩል የጠየቁኝን በዚሁ መለስኩ።

አሁን ችግሩ። ደብተሩ ላይ አንድም በሴንቲ ሜትር የተጻፈ የለም፤ ሁሉም በስንዝር ነው። ጥፋቱ የኔ ነው። ሳዲቅ እኔ ጋ ሥራ ሲለምድ ሜትራችን ሁልጊዜ ይጠፋ ነበር። «የሚቆርጠው ሰው በራሱ እጅ ይለካ፤ የራሱ እጅ አይጠፋበትም» እላቸው ነበር። በስንዝር የጻፈው ራሱ መጥቶ ሊቆርጠው ስላሰበ ነው፣ እትዬ። ሌላ ሰው ይሠራዋል ብሎ ቢያስብ ቁጥር ይጽፍ ነበር።

በኔ ስንዝር እንዳልሠራው የአውራ ጣቴን ጫፍ ማሽን እንደበላው ያውቃሉ። አማካኝ ወስጄ ልቁረጥ ብላቸው ጋሼ ተቆጡ። «ሻንሲ ጨርቅ ነው እንዴ? አንዴ ከተቆረጠ ተቆረጠ ነው። ልጁ የስንዝሩን ልክ ይላክልኝ። እጅ ዘርግቶ ለመለካት ኢቃማ አይጠየቅም!» አሉ።

ምን ልበላቸው?

ባንቴ

*

ሪያድ፣ ግንቦት 20 ቀን 2006 ዓ.ም.

ወንድሜ ባንቴ፣

ሰላም ብዬሃለሁ። ደብዳቤህን ካገኘሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ስለቆየሁ አትቆጣኝ። የሚወስድልኝ ሰው አጥቼ ነው። ውሸቴን ነው፣ ሰውስ ነበር። ምን ብዬ እንደምጽፍ አጥቼ ነው።

ከስታለች ብላ ናዲራ የነገረችህን አትስማት። ቀሚሱ ሰፊ ስለሆነ ነው።

የልጄ እጅ ጠፋኝ ባንቴ። ፊቱ አለ፣ ሳቁ አለ፣ ሲራመድ ጫማውን የሚጎትተው አለ። እጁ ግን የለም። ከዚያ እጅ ስንት ጥፍር ቆርጬ፣ ስንት እሾህ አውጥቼ! ሌሊቱ ሳይሆን ቀኑ ነው የሚያስቸግረኝ። ልብስ ስተኩስ የባባን እጅጌ እይዝና «ይኼን ያህል ነበር?» እላለሁ። ዳቦ ቤት ሰውየው ሪያል ሲመልስልኝ እጁን አየዋለሁ። ሰው ምን ይለኛል?

ሁሉም ከዙህር፣ ከቀትሩ ሰላት በኋላ ሲተኙ የማዳምን ትንሿን ልጅ የለይላን የትምህርት ቤት ማስመሪያ አወጣሁ። የራሴን ስንዝር ለካሁ። አሥራ ዘጠኝ ሆነ። ወንድ ነው ብዬ አንድ ጨመርኩ። በሰማያዊው ላይ ሃያ ሴንቲ ሜትር ብዬ ጽፌያለሁ። አላህ ይቅር ይበለኝ።

ማዳም ጠራችኝ፣ ሄጄ መጣሁ። እስክሪብቶው የት እንደገባ ጠፍቶብኝ ነበር፤ እጄ ላይ ነበር።

ስለ ኹሩጁ ልንገርህ፦ ረመዳን ሊገባ አንድ ወር ቀርቶታል። ባባን ደግሜ ጠየቅኩት። «ምትክሽ ትምጣ፣ ያኔ» አለኝ። እሱም ማዳምም ስለ ሳዲቅ ያውቃሉ። ያን ሰሞን ማዳም የአንድ ቀን ዕረፍት ሰጥታኝ ነበር፤ ሰጥታኝ ስታበቃ ግን «ዕረፍትሽ ነው» እያለች አሁንም አሁንም ታየኝ ስለነበር ቶሎ ወደ ወጥ ቤት ገባሁ።

መጀመሪያ ደረጃውን ሥራ። ሻንሲውን አትንካ፣ እባክህ፣ ገና ነው። ለምን እንደምልህ ታውቃለህ።

ዘይነባ

(በሰማያዊ)

ጀብሪል፣ የስንዝሩ ልክ ሃያ ሴንቲ ሜትር ነው። ጋራዥ በር ላይ ፀሐይ ላይ አትቀመጥ። ቆብህን አድርግ።

*

ኮምቦልቻ፣ ሐምሌ 9 ቀን 2006 ዓ.ም.

እትዬ ዘይነባ፣

ጤናዎ እንዴት ነው? ስንቅነሽ ወደዚያ ስለምትመለስ በእሷ እጅ ልኬአለሁ። በዓረብ ቤት መቅረትዎ በዝቷል፤ እንግዲህ እኔ ምን አደርጋለሁ።

እንዳሉኝ ደረጃውን ብቻ ሠራሁ፤ ሃያ ብዬ። ሦስቱ ደረጃ በአንድ ስንዝር ተኩል ሲሄድ ከመሬት ዘጠና ሴንቲ ሜትር ደረሰ። የጋቢናው ወለል ግን መቶ ሠላሳ ሁለት ላይ ነው። መጨረሻው ላይ አርባ ሁለት ቀረ። እኔ በልኩ አካፍዬ እኩል ላድርገው ብዬ ነበር፤ ጋሼ «እንደ ደብተሩ!» ብለው አላስነካ አሉኝ።

ቅዳሜ ልሞክረው አሉ። ብረቱን በቀኝ እጃቸው ይዘው ሦስቱን ወጡ። አራተኛው ወለሉ ነው፤ እግራቸው አልደረሰም። ተንጠለጠሉ። ከኋላ ደገፍኳቸው፤ ወረዱ፤ ምንም አልሆኑም፣ አይደንግጡ። አልተቆጡም። ያስፈራኝ እሱ ነው።

ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ደረጃውን ሰነዘሩ። ደግመው ሰነዘሩ። ከዚያ «ባንቴ፣ የኔ ስንዝር ስንት ነው?» አሉኝ። ለካሁላቸው፤ ሃያ ሁለት።

«ልጄ የሄደ ቀን መናኸሪያው ላይ መዳፍ ለመዳፍ ገጥመን ነበር» አሉ። «በአንድ አንጓ በለጠኝ። በቃ፣ መሪውን ያዝ እንግዲህ አልኩት። ሰው ሪያድ ሲሄድ እጁ ያጥራል እንዴ?»

«ጋሼ፣ ሲቸኩል ተሳስቶ ይሆናል» አልኩ።

«ማን ነው የተሳሳተው?»

መዶሻ አንስቼ የማይቀጠቀጥ ነገር ቀጠቀጥኩ። እስክጨርስ ጠበቁኝና «ሁለቱንም ደብዳቤ አስታውሳለሁ። ዘይነባ ልጁ ደህና ነው ብላ አንድ ቦታ አልጻፈችም» አሉኝ። ከዚያ ባጃጅ ጥራልኝ ብለው ሄዱ። ሁለት ቀን አልመጡም። በሦስተኛው መጥተው በቦታቸው ተቀመጡ። ስለዚያ አልተነጋገርንም።

እትዬ፣ በቁጣ አይውሰዱብኝ፦ ሌላ ሐሰት አይላኩልኝ። ማንበብ የማልችለው ፊደል ይሆንብኛል። ወይ እውነተኛውን ልክ፣ ወይ ራስዎን።

አንድ ነገር አሰብኩ። እኛ ጋ አንድ ልማድ አለ። የባትላሜራ ሰው፣ የመኪና ቆርቆሮ ቀጥቃጭ፣ አንድ ሥራ ሲጨርስ፣ ከመዝጋቱ በፊት፣ ከውስጥ በኩል ማንም በማያየው ቦታ መዳፉን በቀዩ የዝገት መከላከያ ቀለም ነክሮ ያትማል። ወደ ፊት የሚከፍተው ሰው የማን እጅ እንደሆነ እንዲያውቅ ነው። የሳዲቅ እዚህ አለ፤ አሮጌው ውሃ ቦቴ በር ውስጥ፤ ግን የአሥራ አምስት ዓመት ልጅ እጅ ነው፣ አይሆነንም። እዚያ ሲሠራም ይኼን ልማድ የተወው አይመስለኝም። ያን ኢዮሲያስ የሚባለውን ልጅ ይጠይቁት።

ባንቴ

*

ሪያድ፣ መስከረም 28 ቀን 2007 ዓ.ም.

ወንድሜ ባንቴ፣

እንኳን ለመስቀሉ አደረሰህ፤ አልፎ ቢሆንም። ጀብሪል ስለመሰናከሉ ብዙ ይቅርታ እጠይቅሃለሁ። ተንጠለጠሉ ያልከውን ቃል ከደብዳቤህ ላይ በጣቴ ሸፍኜ ነው ሌላውን ያነበብኩት። በኔ የሐሰት ልክ ነው ሰውየው ሊሰበር የነበረው።

ለኢዮሲያስ ደወልኩለት። «እናቴ፣ እሱ የነካው መኪና ሁሉ ባለቤቱ ወስዶታል» አለኝ። ስልኩን ልዘጋ ስል «ቆይ፣ ቆይ» አለ። «የዕቃ ቁምሳጥኑን የሠራው እሱ ነው። ከበሩ ውስጥ በኩል አንድ ነገር አለ።»

ጉበይራን እስከዚያ ቀን በእግሬ አልረገጥኳትም ነበር። ባባ እንኳ በዚያ በኩል መኪናውን ሲያሳልፍ ዓይኔን እጨፍናለሁ። ዒዱን ጠበቅኩ። በማግስቱ ለራሴ ጨርቅ ልግዛ ብዬ ማዳምን አስፈቀድኩ፤ ሾፌሩ ባጥሐ ገበያ አወረደኝና «በዐስር፣ ከሰዓት በኋላ ባለው ሰላት፣ እዚሁ» አለኝ። ጨርቅ የት አባቱ። ከባጥሐ በእግሬ ገሰገስኩ። ሱቆቹ ሁሉ ዘግተዋል፤ መንገዱ ላይ የሚተራመሰው ሁሉ የኛ ሰው፣ የየመን ሰው፣ የባንግላዴሽ ሰው ነው። ሁለት ጊዜ መንገድ ሳትኩ። አንድ ጊዜ ደርሼ አለፍኩት፤ ሆነ ብዬ ነው።

ኢዮሲያስ በሩን ገርበብ አድርጎ ጠበቀኝ። «ያላ፣ ግቢ እናቴ፣ ማንም የለም» አለኝ። ቀጭን ልጅ ነው። ፊቴን ማየት አልቻለም።

«የት ጋ ነው?» አልኩት። ስለ ቁምሳጥኑ ነበር የጠየቅኩት። እሱ ግን ወለሉን አየ። ያየበትን እኔ አላየሁም። ቀጥ ብዬ ወደ ግድግዳው ሄድኩ።

በሩን ከፈተው። ቀይ ነው ባንቴ። ትናንት የታተመ ይመስላል። አውራ ጣቱ ትንሽ ተንሸራትቷል፤ ልክ እሱ፣ ለሁሉ ነገር እንደቸኮለ። እጄን አስገባሁበት። እጄ ጠፋበት።

ኢዮሲያስ «ሜትር ልስጥሽ?» አለኝ። አይሆንም አልኩት። በቁጥር ዋሽቼበታለሁ፤ ሁለተኛ ቁጥር አላምንም። ከመሸፈኛዬ ጫፍ ክር መዘዝኩ፣ ከአውራ ጣቱ ጫፍ እስከ ትንሿ ጣቱ ጫፍ ዘረጋሁት፣ ሁለቱም ጫፍ ጋ ቋጠርኩ። ኢዮሲያስ «ዘወር ብዬ ልቁም?» አለኝ። «ዘወር በል» አልኩት። ምን እንዳደረግሁ አልጽፍልህም።

ስወጣ «እናቴ፣ ያን ቀን በስልክ ስለነገርኩሽ...» ብሎ ጀመረ። «ምን ታደርግ ነበር ልጄ፣ በር የማይከፈትልህ ቤት ውስጥ ነበርኩ» አልኩት። አቅፌው ሄድኩ። ሾፌሩ ጨርቁስ አለኝ፤ ልኬ አልተገኘም አልኩት።

ክሩ በሰማያዊው ወረቀት ውስጥ ተጠቅልሏል። ከቋጠሮ እስከ ቋጠሮ ነው። በዚህ ቁረጥ። ከዚህ ወዲያ ሐሰት የለኝም።

ዘይነባ

(በሰማያዊ)

ጀብሪል፣ የቀድሞው ቁጥር የኔ ስህተት ነበር። ባንቴን አትቆጣው። የሳዲቅ ስንዝር ይኼ ነው።

*

ኮምቦልቻ፣ ኅዳር 15 ቀን 2007 ዓ.ም.

እትዬ ዘይነባ፣

ክሩ ሃያ አራት ሆነ። በሃያ አራት ሲሰላ ሦስቱ ደረጃ መቶ ስምንት፣ እስከ ወለሉ የሚቀረው ሌላ ሃያ አራት። አንድ ስንዝር፣ ጥርት ያለ። ልጁ የጋቢናውን ከፍታ ሳይለካ በልቡ ይዞት ሄዷል። ይኼን ሳሰላ ካርቶኑ ላይ ቁጥሩን ደግሜ ደግሜ ጻፍኩት።

አሁን የምነግርዎትን እንዳትጽፍላት ተብያለሁ። ይቅር ይበሉኝ። ሁለት ሰው የሚደባበቀውን ነገር ይዤ መቆም አልቻልኩም።

ሰማያዊውን ሳነብላቸው ጋሼ ክሩን ተቀበሉኝ። በጭናቸው ላይ ዘረጉት። ከዚያ ቋጠሮውን በጣታቸው ዳሰሱ።

«ይኼ የዘይነባ ቋጠሮ ነው» አሉ። «ጆንያ ስታስር እንዲህ ነው የምታደርገው፣ ሁለት ጊዜ አዙራ።»

«አዎ፣ እሷ ትሆናለች ያሰረችለት» አልኩ።

«ሰው እጁ ካለው ዘርግቶ ቁጥሩን ይናገራል። ክር የሚዘረጋው መናገር ለማይችል ነው። እኔ ስንት መቃብር አስቆፍሬያለሁ ባንቴ። ቁመት በክር ነው የምንወስደው።»

እኔ አልነገርኳቸውም፣ እምልልዎታለሁ። እሳቸውም አልጠየቁኝም። ውሃ አምጣልኝ አሉ፤ አመጣሁ። በአንድ እጃቸው ውዱእ አደረጉ፤ ግራውን እኔ አጠብኩላቸው። ወንበራቸው ላይ ሆነው ሰገዱ። ሠራተኞቹ የዙህር መስሏቸዋል። እኔ ግን ዙህር ተሰግዶ እንዳለቀ አውቃለሁ።

ሲጨርሱ ክሩን ሰጡኝና «በዚህ ቁረጥ፣ ያላ» አሉኝ። ከዚያ «ለሷ እንዳትጽፍላት። ልትነግረኝ ነው ይህን ሁሉ የምትለፋው። መጥታ ትንገረኝ። ሌላ ሰው አልነገረኝም፤ አንተም አልነገርከኝም፤ እኔ የማውቀው ነገር የለም። ገባህ?» አሉ። ገብቶኛል አልኩ።

በማግስቱ ሻንሲውን ቆረጥን። ጋሼ ከአጠገቡ አልተነሱም። አምስቱን ስንዝር በክሩ አምስት ጊዜ ራሴ ለካሁ፤ እሳቸው ቆጠሩ። በውስጥ በኩል በወፍራም ብረት ደግፈነዋል፣ አይሰጋም። ጋቢናው ወደ ኋላ ሰፍቷል። የኋላው መቀመጫ ቀርቷል፤ ስፌት ላይ ነው። ደረጃውን እንደገና ሠራሁት። ትናንት ወጡት። ሦስቱን፣ ከዚያ አራተኛውን። ማንም አልደገፋቸውም። ላይ ሆነው ሲያዩኝ ቆዩና «አንተ፣ ከዚህ ሲያዩህ ራስህ ላይ ፀጉር የለህም» አሉኝ። ሠራተኞቹ ሁሉ ሳቁብኝ። ይሳቁ።

መዳፍ የሚታተምበትን ቦታ ከመቀመጫው ሥር ክፍት ትቼዋለሁ። የኔን አላተምኩም። ሥራው የኔ አይደለም።

ባንቴ

*

ሪያድ፣ ጥር 3 ቀን 2007 ዓ.ም.

ጀብሪል፣

ይኼን የሚያነብልህ ባንቴ ነው። ባንቴ፣ ኤንቨሎፑን አራግፈው፤ ሌላ ወረቀት የለውም። ከእንግዲህ ሁለት ወረቀት አልጽፍም። ጮክ ብለህ አንብበው፣ ሠራተኞቹም ይስሙት፣ ውባለምም ካለች ትስማ።

ጀብሪል፣ ሰላም ብዬሃለሁ። አንድ ዓመት ሙሉ በአጭር በአጭሩ ስጽፍልህ የከረምኩት አንተን ንቄ አይደለም። ረጅም ስጽፍ እጄ የማልፈልገውን ይጽፋል ብዬ ነው። ቅር ካለህ ስመጣ ተቆጣኝ፤ ቁጣህ ናፍቆኛል።

የምትተካኝ ሴት መጥታለች። አይሻ ትባላለች፣ የሐርቡ ልጅ ናት፤ የት የት ምን እንዳለ ሳሳያት ሰነበትኩ። ሰሃን የሚታጠብበት ቦታ ስንደርስ ትንሽ ቆሜ ቀረሁ፤ «እትዬ፣ ምን ሆኑ?» አለችኝ። ምንም አልኩ። ባባ ኹሩጁን ትናንት እጄ ላይ ሰጠኝ። ማዳም «ኸላስ? አትመለሺም?» አለች። ኸላስ አልኳት። ለይላ ማስመሪያዋን ሰጠችኝ፤ እንዴት እንዳወቀች አላውቅም።

ማክሰኞ ጥር አሥራ ዘጠኝ ቀን አዲስ አበባ እገባለሁ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ በአውቶቡስ ኮምቦልቻ ነኝ። መናኸሪያው ላይ ሰው አልፈልግም፤ መኪናዋን ግን እፈልጋለሁ። ባንቴ ይንዳት። አንተ ከኋላው መቀመጫ ሆነህ ጠብቀኝ።

ሐሙስ ማታ ስለ መንገዱ፣ ስለ እግርህ፣ ስለ ሁለተኛው ሲሊንደር ታጫውተኛለህ። እኔም አዳምጣለሁ። የምነግርህ ነገር እንዳለኝ ታውቃለህ። እሱን በወረቀት አልጽፈውም፤ በስልክም አልነገርኩህም፤ እዚህ ድረስ ይዤው ቆይቻለሁና አንድ ሌሊት ደግሞ እይዘዋለሁ። መኪናዋ ደጃችን ትደር፤ ዓርብ ጎህ ሲቀድ ጎረቤቱ እዚያ ይሰብሰብ፤ ባንቴ ይጥራቸው፣ ምን ብሎ እንደሚጠራቸው እሱ ያውቃል።

ሰው ሲሰበሰብ አንተ አስቀድመህ በደረጃው ውጣ። ብረቱን ያዝ፤ ቀስ በል፤ ማንም አያጣድፍህ። እኔ ከኋላህ እየሰነዘርኩ እወጣለሁ፤ የኔ አሥራ ዘጠኝ ስለሆነ በየደረጃው ምን ያህል እንደሚጎድለኝ ማየት እፈልጋለሁ። ጎን ለጎን እንቀመጣለን። መቀመጫው የሁለት ሰው ነው፤ ለሁለታችን ለክቶታል። እዚያ ሆኜ እነግርሃለሁ።

ክሩን አትጣሉት። ባንቴ ክፍት በተወው ቦታ፣ ከመቀመጫው ሥር፣ ይታሸግ።

አንድ ነገር ልለምንህ። እኔ ያን ቀን የያዘኝ ሰው አልነበረም። ሰሃኔን አጥቤ ጨረስኩ። ያን ያላለቀስኩትን አንድ ዓመት ተሸክሜ ነው የምመጣው። ሰዎቹ አንተን ይይዙሃል፣ እኔን ሊረሱኝ ይችላሉ፤ እኔ ነጋሪ ነኝና። እንዳትረሳኝ። ላይ ከወጣህና ከተቀመጥክ በኋላ ብረቱ አያስፈልግህም። ቀኝ እጅህን ከብረቱ አንሳና እኔን ያዘኝ።

ዘይነባ